አፄ ፋሲል፦ በጦርነት ማግስት የግንብ ከተማ የቆረቆሩ ንጉሥ

በጎንደር ከተማ እምብርት፣ ጃን ተከል ከተባለው አደባባይ አጠገብ፣ ዘመናትን ያስቆጠረ የድንጋይ አጥር ረጅም ርቀት ይዘልቃል። 900 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ይህ አጥር ሰፊውን ግቢ የከበበ ሲሆን 12 በሮች አሉት። ጃን ተከል በር፣ እምቢልታ በር፣ ባልደራስ በር፣ ራስ በር፣ ተዝካሮ በርና እርግብ በር የሚሉት ስያሜዎች በዚያ ግቢ ውስጥ ይካሄድ የነበረውን የቤተ መንግሥት ሕይወት ዛሬም ያስታውሳሉ።

በአጥሩ ውስጥ የተለያዩ ነገሥታት ያሳነጿቸው ግንቦች፣ አዳራሾች፣ አብያተ ክርስቲያናትና የፈረስ ጋጣዎች ይገኛሉ። ከሁሉም ልቆ የሚታየው ግን በአራት ማዕዘኖቹ አናታቸው የሞለለ ክብ ማማዎች የተተከሉበትና 32 ሜትር ገደማ ከፍታ እንዳለው የሚነገርለት የአፄ ፋሲል ግንብ ነው።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ግቢውን የጎበኘው ክረምቱ አልፎ ሰማዩ በጠራበት በጥቅምት ወር ነበር። በዕለቱ ግቢውን ለማየት ከመጡት መካከል የአንድ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ይገኙበታል። ከተማሪዎቹ አንዱ ግንቡን የሠሩት ፖርቱጋሎች መሆን አለመሆናቸውን አስጎብኚውን ጠየቀ። አስጎብኚው በቀጥታ መልስ ከመስጠት ይልቅ ሁለት ዓመታትን ነግሮ እንዲያነጻጽር ጋበዘው። ሚሲዮናውያኑ ከአገር እንዲወጡ የተደረገው በ1626 ዓ.ም. ሲሆን፣ ጎንደር የነገሥታት መቀመጫ ሆና የተቆረቆረችው በ1628 ዓ.ም. ነው። ያስወጧቸውም ሆነ ከተማዋን የቆረቆሯት አንድ ሰው ናቸው፤ አፄ ፋሲል።

የተማሪው ጥያቄ ብዙ ጎብኚዎች የሚያነሱት ነው። ምላሹ ግን ስለ ግንበኞች ብቻ የሚያስረዳ አይደለም። ግንቡ ለምን በዚያ ዘመን፣ ለምን በዚያ ቦታና ለምን በዚያ ጥንካሬ እንደተሠራ ለመረዳት የንጉሡን የሕይወት ታሪክ ከመነሻው መከተል ያስፈልጋል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆናቸውንም አንባቢ ልብ እንዲል እንጠይቃለን።

በጦር ሰፈር ያደጉ ልዑል

ፋሲል የተወለዱት በኅዳር ወር 1596 ዓ.ም. በሸዋ፣ ቡልጋ፣ መገዘዝ በተባለ ቦታ ነው። አባታቸው ሱስንዮስ፣ እናታቸው ወልደ ሰዓላ ይባላሉ። ፋሲል የሚለውን ስም ያገኙት ከአያታቸው ከአቤቶ ፋሲል ነው። በተወለዱበት ጊዜ አባታቸው የንጉሥ ዘር ቢሆኑም ዙፋን አልያዙም ነበር። ሱስንዮስ በልጅነታቸው በኦሮሞዎች ተማርከው ከእነርሱ ጋር ያደጉ፣ የጦር ስልትም ከእነርሱ የቀሰሙና ተከታዮቻቸውን ይዘው ከቦታ ቦታ የሚዘዋወሩ ባለጦር ነበሩ።

በወቅቱ አገሪቱ በዙፋን ይገባኛል ሽኩቻ ትታመስ ነበር። ፋሲል ገና ሕፃን ሳሉ በ1597 ዓ.ም. አፄ ዘድንግል በጦር ሜዳ ተገደሉ። ለውድቀታቸው ምክንያት ከሆኑት ነገሮች አንዱ በስፔናዊው ሚሲዮናዊ በፔድሮ ፓኤዝ ትምህርት ተስበው የቀዳሚት ሰንበት አከባበርን ለማስቀረት መነሣታቸው ነበር። ሱስንዮስ ተፎካካሪያቸውን አፄ ያዕቆብን ድል አድርገው በ1599 ዓ.ም. ሲነግሡ የአፄ ዘድንግል መጨረሻ ከማንም አእምሮ አልጠፋም። የሆነ ሆኖ አዲሱ ንጉሥም በዚያው መንገድ መጓዝ ጀመሩ።

ፔድሮ ፓኤዝ በ1595 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ የገቡ የኢየሱሳውያን ማኅበር አባል ሲሆኑ፣ አማርኛና ግዕዝ የተማሩና በትዕግሥታቸው የሚታወቁ ሰው ነበሩ። አፄ ሱስንዮስ ከአውሮፓ ነገሥታት የጦር ዕርዳታ ማግኘትንና የዙፋኑን ሥልጣን ማጠናከርን ይሹ ስለነበር ከሚሲዮናውያኑ ጋር ተቀራረቡ። በ1614 ዓ.ም. ካቶሊክ መሆናቸውን በይፋ ገለጹ። ፓኤዝም በዚያው ዓመት አረፉ።

ከእርሳቸው በኋላ በ1617 ዓ.ም. የመጡት ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ የተለየ ጠባይ ነበራቸው። በየካቲት 1618 ዓ.ም. ንጉሡና መኳንንቱ በደንቀዝ ቤተ መንግሥት ተሰብስበው ለሮማው ጳጳስ የመታዘዝ ቃለ መሐላ እንዲፈጽሙ ተደረገ። ቀጥሎም ሕዝቡ ዳግመኛ እንዲጠመቅ፣ ካህናቱ ዳግመኛ እንዲካኑ፣ ታቦታቱና አብያተ ክርስቲያናቱ እንደ አዲስ እንዲባረኩ፣ የቀዳሚት ሰንበት አከባበርና ግዝረት እንዲቀሩ፣ የጾምና የበዓላት ሥርዓትም እንዲለወጥ ታዘዘ። ይህ ትእዛዝ ለገበሬው ቤትም፣ ለገዳማውያኑ በአትም፣ ለቤተ መንግሥቱ እልፍኝም እኩል የሚደርስ ነበርና አገሩ በአንድ ጊዜ ተናወጠ።

ፋሲል በዚያን ጊዜ በሃያዎቹ ዕድሜ ውስጥ የሚገኙ አልጋ ወራሽ ነበሩ። አባታቸውን እንደ ልጅም እንደ ሎሌም ያገለግሉ ነበር። በአንድ ወገን የንጉሡ ትእዛዝ፣ በሌላ ወገን የሕዝቡ ዕንባ ባለበት ቤት መኖር ምን ያህል ከባድ እንደነበረ ለመገመት አያዳግትም። አመጹ በየአቅጣጫው ሲቀጣጠል ለማብረድ የሚዘምተውም የሚሞተውም የአንድ አገር ሰው ነበር።

የአዋጁ ዓመት

ከአመጾቹ ሁሉ የጠነከረው መልክዐ ክርስቶስ የመሩት የላስታ ገበሬዎች አመጽ ነው። አመጸኞቹ ተራሮቻቸውን ምሽግ አድርገው የንጉሡን ጦር ደጋግመው መከቱ። በመጨረሻም ወደ ደንቢያ ምድር ዘልቀው ወይና ደጋ በተባለው ቦታ ከአፄ ሱስንዮስ ጦር ጋር ገጠሙ። ድሉ የንጉሡ ሆነ። በዚያ ቀን ግን 8,000 ያህል ሰዎች በሜዳው ላይ እንደወደቁ የዘመኑ ጸሐፍት ዘግበዋል።

ከውጊያው በኋላ የሆነው ነገር በታሪክ ጎልቶ ይነገራል። መኳንንቱ ንጉሡን ወደ ሜዳው ወስደው የወደቁት ሰዎች ባዕዳን ጠላቶች ሳይሆኑ የገዛ ወገኖቻቸው፣ የቤታቸው ሰዎችና ዘመዶቻቸው መሆናቸውን እንዳሳዩዋቸውና እንዲህ ያለው ድል ከሽንፈት የማይለይ መሆኑን እንዳስረዷቸው ይተረካል። ፋሲልም አባታቸው ሃይማኖቱን ለሕዝቡ እንዲመልሱ ከሚወተውቱት ጋር ነበሩ።

በሰኔ ወር 1624 ዓ.ም. አፄ ሱስንዮስ አዋጅ አስነገሩ። የፈቀደ ወደ አባቶቹ ሃይማኖት እንዲመለስ፣ ካህናትም ወደ አብያተ ክርስቲያናቸው እንዲገቡ ፈቅደው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ። ከጥቂት ወራት በኋላም አረፉ። ፋሲል የአባታቸውን አስከሬን በክብር ወደ አዘዞ አጅበው ራሳቸው ሱስንዮስ ባሠሩት በገነተ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን አስቀበሩ። ሃይማኖታቸውን የሻሩባቸውን አባት ክብራቸውን አልሻሩባቸውም።

በዚህ ሁኔታ የ28 ዓመቱ ፋሲል ዓለም ሰገድ በሚል የመንግሥት ስም ነገሡ። የወረሱት ግን የተከፋፈለ ቤተ መንግሥት፣ የተቃጠለ አዝመራና በቂም የተያያዘ ሕዝብ ነበር።

የመጀመሪያው ተግባራቸው የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሃይማኖት የመንግሥቱ ሃይማኖት መሆኑን ማረጋገጥ ሆነ። ከእስክንድርያ መንበር አዲስ ጳጳስ እንዲላክ ጠየቁ። ሚሲዮናውያኑን በመጀመሪያ በትግራይ ወደሚገኘው ፍሬሞና ሰብስበው አስቀመጡ፤ ቀጥሎም በ1626 ዓ.ም. ከአገር እንዲወጡ አደረጉ። ፓትርያርክ ሜንዴዝ በቀይ ባሕር ዳርቻ በነበሩት የቱርክ ሹማምንት እጅ ገብተው ቤዛ ከተከፈለላቸው በኋላ ወደ ሕንድ፣ ወደ ጎዋ ተሻገሩ።

እርምጃው በውጭ ሰዎች ላይ ብቻ የተወሰነ አልነበረም። የአፄ ሱስንዮስ ወንድምና የፋሲል አጎት የሆኑት ራስ ሥዕለ ክርስቶስ የታወቁ የጦር አዝማች ሲሆኑ፣ የካቶሊክን ሃይማኖት አጥብቀው የያዙና ለመመለስ እንቢ ያሉ ሰው ነበሩ። ሥልጣናቸው ተገፎ ተጋዙ፤ በኋላም ተገደሉ። በ1630 ዓ.ም. ደግሞ ተደብቀው የገቡ ሁለት ፈረንሳውያን የካፑቺን ማኅበር መነኮሳት በስቅላት ተቀጡ። ለማረጋጋት በተባለ ዘመን የፈሰሰው ይህ ደም ከፋሲል ታሪክ ተነጥሎ ሊታይ አይችልም።

የላስታም አመጽ በአዋጁ ብቻ አልበረደም። መልክዐ ክርስቶስ ሃይማኖቱ ከተመለሰ በኋላም ዙፋኑን በመሻት ውጊያውን ቀጠሉ፤ የንጉሡም ጦር በላስታ ብርዳማ ተራሮች ከባድ ጉዳት ደረሰበት። አመጹ የተገታው ከተደጋጋሚ ዘመቻ በኋላ ነው።

ድንኳን የተተከለባት ጎንደር

አፄ ፋሲል ከመንገሣቸው በፊት ለብዙ ዘመናት የኢትዮጵያ ነገሥታት ቋሚ ከተማ አልነበራቸውም። ንጉሡ ከነሠራዊቱ፣ ከነካህናቱና ከነገበያው በድንኳን ይጓዛል፤ የአካባቢው እንጨትና ቀለብ ሲያልቅ ሰፈሩ ይነሣል። ሥርዓቱ ንጉሡን ለሕዝቡ የሚያቀርብ ቢሆንም ሰፈሩ ባረፈበት አገር ገበሬ ላይ ከባድ ሸክም ይጥላል።

በጣና ሐይቅ ዙሪያ ቋሚ መቀመጫ የመፍጠር ሙከራ የተጀመረው ከፋሲል በፊት ነው። አፄ ሠርፀ ድንግል በእንፍራዝ አካባቢ የጉዛራን ግንብ አሠርተዋል። አፄ ሱስንዮስም በጎርጎራና በደንቀዝ ቤተ መንግሥት አንጸዋል። ሆኖም አንዱም ከአሠሪው ዘመን አልፎ የመንግሥት ዋና ከተማ ሆኖ አልዘለቀም።

የመንግሥት መቀመጫ የሚሆነው ቦታ ስሙ በ«ጎ» ፊደል የሚጀምር እንደሚሆን የሚናገር ትንቢት እንደነበረ በአፈ ታሪክ ይወሳል። ሌላው ትረካ ደግሞ ንጉሡ ለአደን ወጥተው አንድ ጎሽ ሲከታተሉ አሁን ግንቡ ካለበት ቦታ እንደደረሱና በዚያም ያገኟቸው ባሕታዊ ከተማቸውን በስፍራው እንዲቆረቁሩ እንደነገሯቸው ያስረዳል። ትውልድ የተቀባበለው ይህ ትረካ እንዳለ ሆኖ፣ ቦታው በራሱም ለከተማ የተመቸ ነው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ፣ በቀሃና በአንገረብ ወንዞች መካከል የተቀመጠች ናት። አየሯ ነፋሻማ፣ ውኃዋ ቅርብ፣ ዙሪያዋ ለም ነው። ከሰናር የሚመጣውና ወደ ምጽዋ የሚወርደው የሲራራ ንግድ መንገድም በአካባቢዋ ይገናኝ ነበር።

ግንቡ የቆመው በአካባቢው ጥቁር ድንጋይና በኖራ ነው። የኖራ ጭቃ አሠራር የተለመደው በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ሲሆን፣ ሚሲዮናውያኑ ቢወጡም የእጅ ሙያው ግን አገር ውስጥ ቀርቷል። ከየመን ተልከው በ1640 ዓ.ም. ገደማ ጎንደር የደረሱት አል ሐይሚ የተባሉ መልእክተኛ በድንጋይና በኖራ የተሠራውን ይህን ቤተ መንግሥት አይተው በመደነቅ ጽፈዋል። የሥራው መሪ ሕንዳዊ መሐንዲስ እንደነበረም መዝግበዋል። በጎንደር ዘመን ግንባታዎች ላይ የቤተ እስራኤል ግንበኞች፣ አናጢዎችና ቀጥቃጮች ከፍ ያለ ድርሻ እንደነበራቸውም የታሪክ ጥናቶች ያመለክታሉ።

በመሆኑም የአፄ ፋሲል ግንብ የአንድ አገር ሰዎች ብቻ ውጤት ነው ማለት አይቻልም። የጉዛራ ልምድ፣ የሕንድ ጥበብ፣ ከፖርቱጋሎች የቀረ የኖራ አሠራርና የአገሬው ባለሙያ እጅ በአንድነት አርፈውበታል። ተማሪው ላነሣው ጥያቄ ተገቢው መልስ ይህ ሆኖ እናገኘዋለን።

ወደ ግንቡ የገባ ጎብኚ በምድር ቤቱ ወፋፍራሞቹን ግድግዳዎችና ቅስት በሮቹን ያያል። በአንዳንዶቹ በሮች አናት ላይ የዳዊት ኮከብ ተቀርጾ ይታያል፤ ይህም ነገሥታቱ ከሰሎሞን ዘር ነን ማለታቸውን የሚያስታውስ ነው። ደረጃውን ተከትሎ ሲወጣ ለግብርና ለአቀባበል ያገለግል የነበረውን ሰፊ አዳራሽ ያገኛል። ከሰገነቱ ላይ ንጉሡ ሕዝቡን ይመለከቱ እንደነበር ይነገራል። ደቡብ ምዕራብ ማዕዘን ላይ ከቆመው ከፍተኛ ማማ ሆኖ ሰማዩ ሲጠራ የጣናን ሐይቅ በሩቁ ማየት ይቻላል። በተወለዱበት ዘመን አባታቸው ድንኳን እየነቀሉ ይዘዋወሩ ለነበሩት ንጉሥ በአንድ ቦታ ቆሞ ሐይቁን በየዕለቱ ማየት መቻል በራሱ ትልቅ ለውጥ ነበር።

የአፄ ፋሲል ሥራ በግንቡ ብቻ አልተወሰነም። ፊት ሚካኤልንና ፊት አቦን ጨምሮ በጎንደር ሰባት አብያተ ክርስቲያናትን እንዳሠሩ ይነገራል። በወንዞች ላይም ሰባት የድንጋይ ድልድዮችን እንዳሠሩ ይነገርላቸዋል። በግራኝ አሕመድ ጦርነት ጊዜ ፈርሶ የነበረውን የአክሱም ጽዮን ማርያም ቤተ ክርስቲያን እንደገና አሳንጸዋል። በቀሃ ወንዝ አጠገብ የሚገኘውና ውኃው ከወንዙ የሚሞላው መዋኛም እስከ ዛሬ በስማቸው ይጠራል።

የተዘጋው በርና የተከፈተው በር

ስለ አፄ ፋሲል ሲወሳ ኢትዮጵያን ለውጭው ዓለም የዘጉ ንጉሥ ናቸው የሚል አስተያየት በተደጋጋሚ ይሰማል። በከፊል እውነትነት አለው። ንጉሡ ሚሲዮናውያን በተለያየ መልክ ተመልሰው እንዳይገቡ በምጽዋና በሱዋኪን ከነበሩ የቱርክ ሹማምንት ጋር ተስማምተው በሩን አስጠብቀዋል። በዘመናቸው መጨረሻ አካባቢም የሚሲዮናውያኑ መጻሕፍት ተሰብስበው እንዲቃጠሉ ተደርጓል።

ይሁንና በር የተዘጋው በአንድ አቅጣጫ ነው። አፄ ፋሲል ከየመኑ ኢማም ጋር መልእክተኞች ተለዋውጠዋል። ከላይ የተጠቀሱት አል ሐይሚ ወደ ጎንደር የመጡትም በዚሁ ግንኙነት ምክንያት ነው። ንጉሡ የየመንን ወዳጅነት የፈለጉት በቱርኮች እጅ ካለው ከምጽዋ ሌላ የንግድ መውጫ ለማግኘት ሲሆን፣ የየመኑ ወገን ደግሞ ንጉሡ ወደ እስልምና ያዘነበሉ መስሎት ነበር። ሁለቱ የጠበቁት ነገር የተለያየ ስለነበር ግንኙነቱ ብዙ ርቀት አልሄደም።

በ1657 ዓ.ም. ገደማም መልእክተኞቻቸው ዴልሂ ድረስ ተጉዘው በሕንዱ ንጉሠ ነገሥት በአውራንግዜብ ፊት ቀርበዋል። ከመልእክተኞቹ አንዱ ሙራድ የተባለ አርመናዊ ነጋዴ ሲሆን፣ በወቅቱ በዴልሂ የነበረው ፈረንሳዊ ሐኪም ፍራንሷ በርኒየ አግኝቷቸው ስለ እነርሱ ጽፏል። ከዚህ እንደምንረዳው ንጉሡ የሸሹት የአገራቸውን ሰላም ያናጋውን ኃይል እንጂ ዓለምን በሙሉ አልነበረም።

ከወህኒ አምባ እስከ ደጋ እስጢፋኖስ

አፄ ፋሲል ከሁሉ አብልጠው የፈሩት የእርስ በርስ ጦርነትን ይመስላል። ለዚህም የወሰዱት እርምጃ የራሳቸውን ቤት ነክቷል። በቀድሞ ዘመን ነገሥታት የንጉሥ ዘሮችን በግሸን አምባ በጥበቃ ያስቀምጡ ነበር። ይህ ልማድ ከግራኝ ጦርነት ወዲህ ተቋርጦ ቆይቶ በአፄ ፋሲል ዘመን ተመለሰ። የተመረጠውም ከጎንደር ደቡብ ምሥራቅ የሚገኘው፣ ዙሪያው ገደል የሆነው ወህኒ አምባ ነው። ዛሬ ለእሥር ቤት የምንጠቀምበትን ወህኒ ቤት የሚለውን መጠሪያ ብዙዎች ከዚህ አምባ ጋር ያያይዙታል።

በ1658 ዓ.ም. ልጃቸው ዳዊት በአባቱ ላይ ዐመፀ። ንጉሡ ልጃቸውን በጦር ሜዳ ከመግደል ይልቅ ይዘው ወደ ወህኒ አምባ ላኩት። በወጣትነታቸው በወይና ደጋ ሜዳ ወገን በወገኑ ላይ ሲዘምት ያዩት ንጉሥ በስተርጅና ያው መከራ በእልፍኛቸው ደጃፍ ደረሰ። ውሳኔው ጦርነትን አስቀርቷል፤ ዳሩ ግን ልጁን ነጻነት አሳጥቶታል። ከዚያ በኋላም ለብዙ ትውልድ የነገሥታት ልጆች ዕድል ዙፋን ወይም አምባ ሆኖ ቀረ።

የሃይማኖት ክርክርም ጨርሶ አልተዘጋም። ሚሲዮናውያኑ ያነሡት የክርስቶስ ባሕርይ ጥያቄ በአገሪቱ ሊቃውንት መካከል የቅባትና የተዋሕዶ ክርክር ሆኖ ቀጠለ። አፄ ፋሲል ጉባኤ እየሰበሰቡ ሊያስማሙ ቢሞክሩም ጉዳዩ ለልጅ ልጆቻቸው ተላለፈ።

አፄ ፋሲል ለ35 ዓመታት ከነገሡ በኋላ 64 ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ሲቀራቸው በጥቅምት ወር 1660 ዓ.ም. በአዘዞ አረፉ። ያረፉበት ቦታ አባታቸው የተቀበሩበት መሆኑ የታሪክ አጋጣሚ ነው። አስከሬናቸው በጣና ሐይቅ ውስጥ ወደሚገኘው ደጋ እስጢፋኖስ ገዳም ተወስዶ በዚያው በክብር ተቀመጠ። በገዳሙ የአፄ ዘርአ ያዕቆብና ፋሲል ሕፃን ሳሉ የተገደሉት የአፄ ዘድንግል አፅምም ይገኛል። በአንድ የሃይማኖት ውዝግብ መጀመሪያ ላይ የወደቁት ንጉሥና ውዝግቡን የቋጩት ንጉሥ በአንዲት ደሴት አርፈዋል።

ግንቡ ከፋሲል በኋላ

ዙፋኑን የወረሱት ልጃቸው አፄ ዮሐንስ ሲሆኑ፣ ከእርሳቸውም በኋላ አድያም ሰገድ ኢያሱ ነገሡ። ዙፋኑ ከአባት ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ ልጅ ልጅ ሲተላለፍ ከተማውም አብሮ ተላለፈ። ከፋሲል በፊት ያልተቻለው ይህ ነበር። ነገሥታቱ በየተራቸው በግቢው ውስጥ የየራሳቸውን ሕንጻ ጨመሩ። የአፄ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት፣ የአፄ ኢያሱ ግንብ፣ የአፄ ዳዊት የዜማ አዳራሽ፣ የአፄ በካፋና የእቴጌ ምንትዋብ ግንቦች ዛሬም በግቢው ጎን ለጎን ይታያሉ። ጎንደርም ከሁለት መቶ ዓመታት በላይ የመንግሥት፣ የንግድና የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ማዕከል ሆና ቆየች። የቅኔ፣ የዜማና የአቋቋም ሊቃውንት ከየአገሩ የሚጎርፉባት ከተማ ለመሆን የበቃችው በአንድ ቦታ ጸንታ በመቆየቷ ነው።

ይሁን እንጂ ግንቦቹ ብዙ ፈተና አሳልፈዋል። ከተማዋ በ1859 ዓ.ም. በአፄ ቴዎድሮስ ጦር ተዘርፋ ተቃጥላለች። በ1880 ዓ.ም. የመሐዲስቶች ጦር አብያተ ክርስቲያናቷን አቃጥሏል። ኢጣሊያ አገራችንን በወረረችበት ዘመን ግቢው የጦር ሰፈር ሆኖ ያገለገለ ሲሆን፣ በ1934 ዓ.ም. ወራሪው ጦር ከጎንደር ሲባረር በነበረው የአየር ድብደባም ከሕንጻዎቹ የተወሰኑት ተጎድተዋል። ጣሪያቸው የተነሣውና ግድግዳቸው የቆመው አዳራሾች ይህን ሁሉ የሚናገሩ ናቸው።

ፋሲል ግቢ በ1972 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ከዚያ ወዲህም በተለያዩ ጊዜያት ጥገና ሲደረግለት ቆይቷል። በየዓመቱ ታቦታቱ ከየደብራቸው ወጥተው ጥር 11 ቀን በአፄ ፋሲል መዋኛ የሚከበረው የጥምቀት በዓል ደግሞ የከተማዋ ትልቁ ክብረ በዓል ነው። የኢትዮጵያ የጥምቀት በዓል በ2012 ዓ.ም. በማይዳሰስ የዓለም ቅርስነት መመዝገቡም ይታወሳል።

ተማሪዎቹ ጉብኝታቸውን ጨርሰው በጃን ተከል በኩል ሲወጡ ጥያቄውን ያነሣው ልጅ ወደ ኋላ ቀርቶ የግንቡን ግድግዳ በእጁ ይዳስስ ነበር። የዳሰሰው ድንጋይ የተደረደረው ከወይና ደጋ ጦርነት ማግስት፣ የሟቾቹ ልጆች ገና ባላደጉበት ዘመን ነው። አፄ ፋሲል ያንን ቁስል ለማሻር በወሰዱት እርምጃ የጨከኑበት ጊዜ አለ፤ የገነቡበትም ጊዜ አለ። አጎታቸውን ያሳጣቸው፣ ልጃቸውን በአምባ ያስቀመጠና በርን ያስዘጋ ሰላም ነበር። የሆነ ሆኖ በዚያ ሰላም ውስጥ ድንኳን መንቀል ቀርቶ ድንጋይ መደርደር ተጀመረ፤ የተደረደረውም ድንጋይ አራት መቶ ዓመት ሊሞላው ተቃርቧል።

ግንቡን መጠበቅ ድንጋዩንና ኖራውን ከመፍረስ ማዳን ብቻ ሊሆን አይገባም። ለምን እንደተሠራና ምን ዋጋ እንደተከፈለበት ለተተኪው ትውልድ በትክክል ማስረዳትም የጥበቃው አካል ነው። ይህን ማድረግ ደግሞ የቅርስ ባለሙያዎችና የአስጎብኚዎች ብቻ ሳይሆን የእያንዳንዱ ዜጋ ኃላፊነት ነው።